ነብር ያቆሰለውን ሰው ይዤ ፍል ውኃ ስሄድ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ገበያ ስሄድ ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገኝና፣ «አባባ፣ የዝንጀሮ ጠበቃው አንቱ አይደሉ?» አለኝ። ነኝ አልሁት። «እንግዲህ ማን ይሟገትላቸው?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ስሙን ያወጡልኝ የቡሬ ገበሬዎች ናቸው። በቆሎው ሲያሽት ዝንጀሮ ከገደል እየወጣ ይጨርስባቸዋል፤ እነሱ ቢሮዬ መጥተው ይጮሃሉ፤ እኔ ደግሞ መግደል ክልክል ነው፣ እንዲህና እንዲያ አድርጋችሁ ጠብቁ እላለሁ። በወረቀት ላይ የሥራ መጠሪያዬ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ነበር። ይልማ ብሎ የሚጠራኝም ከቤተሰቤ በቀር ጥቂት ሰው ነው። ለሁሉም የዝንጀሮ ጠበቃ ነበርሁ።

የሥራ ዘመኔን ሳስታውስ ቢሮዎቹና ስብሰባዎቹ እርስ በርስ ይደባለቁብኛል። ሳይደበዝዝ የቀረ አንድ ጉዞ አለ። ነብር ክንዱን ያሰናከለውን ሰው ይዤ፣ ምድር ከሥሯ ወደምትፈላበት አገር የሄድሁበት ጉዞ። እሱን ለመናገር ግን ከመጀመሪያው ልነሣ።

ቡሬ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ትምህርቴን ስጨርስ የተመደብሁት በስምጥ ሸለቆ ካሉት ፓርኮች በአንዱ ነው። ፓርክ ሲባል አጥርና በር ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። የደረስሁ ዕለት ማለዳ ከማደሪያችን ወጥቼ ስመለከት ከግራሮቹ ጀርባ ነጭ ጭስ ተትጎልጉሎ ሲወጣ አየሁ። «እሳት! እሳት!» ብዬ ጮኽሁ። ባልደረቦቼ ሳቁ። አንድ ቀጠን ያሉ፣ ሽበት የጀመራቸው ሰው ብቻ ሳይስቁ ወደ እኔ መጡ። ኦቦ ሮባ ይባላሉ። የስካውቶቹ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂዎች፣ አንጋፋ ነበሩ።

«ምን አየህ?» አሉኝ።

«ጭስ።»

«አየህ ወይስ መሰለህ?»

ወደ ጭሱ ደግሜ ተመለከትሁ። «ያየኸው ነጭ ነገር ነው። ጭስ መሰለህ። ና፣ ሄደን እንየው» አሉና ዱላቸውን ይዘው ቀደሙኝ።

ያን ቀን ያየሁትን እስካሁን ለሰው በደንብ መንገር አልችልም። ሣሩ አለቀና ራቁቱን የተዘረጋ መስክ ላይ ደረስን። መሬቱ እዚህ ቢጫ፣ እዚያ የዛገ ብረት ይመስላል። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ እንደ ገንፎ እየተንተከተከ ይፈነዳል። በሌላው ውኃው ጥርት ብሎ ሰማያዊ ሆኗል፤ ጫፉ ላይ ግን አንዲት ወፍ ተቀቅላ ሞታለች። ከመካከል ያለው ትልቁ ጉድጓድ መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ ቀጥሎ ጭራሽ ዝም ይላል። ዝም ሲል ኦቦ ሮባ ክንዴን ያዙኝ። ወዲያው ውኃው ከዛፍ በላይ ተስፈንጥሮ ወጣ። ጠብታው በንፋስ ተበትኖ ፊታችን ላይ ሲደርስ ለብ ብሎ ነበር። ከመስኩ ወዲያ፣ ከእንፋሎቱ ጀርባ፣ ቀንዳቸው እንደ ጦር የቀና የሳላ መንጋ ጨዋማውን አፈር ይልሳል። ፍንዳታውን ከጉዳይም አልጣፉት። እኔ ግን ከዚህ አልሄድም አልሁ በልቤ።

ኦቦ ሮባ ማንበብ አያውቁም፤ ከእሳቸው በላይ የሚያነብ ሰው ግን አላየሁም። ፍል ውኃው መስክ ላይ ሲሄዱ እግራቸውን ከማንሣታቸው በፊት በዱላቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ ይመታሉ። «ደንደን ካለ እርገጥ። እንደ ከበሮ ካለ ከሥሩ ባዶ ነው፤ በመጣህበት ኮቴ ተመለስ» ይሉኛል። ዱካ የሚያነቡት በማለዳ ነው። ያን ጊዜም ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ጥላው ዱካው ውስጥ ገብቶ ጠርዙን እንዲያሳያቸው። እንግዳ ሲመጣ «ዛሬ አንበሳ ታያላችሁ» ብለው ተስፋ ሰጥተው አያውቁም። «እንሄዳለን፤ ያለው ይታያል» ነው ቃላቸው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የሪፖርታቸውን ነገር ነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ አንብብልኝ ይሉኛል። ሳነብ በየመካከሉ ያስቆሙኛል። «ሦስት ጅብ ያልኸው ከየት መጣ? እኔ ሁለት ዱካ ነው ያልሁህ። ሰርዝ።» አንድ ጊዜ የሞተች አጋዘን አገኘንና ምን እንደ ገደላት ሳናውቅ ቀረን። ባዶ ቦታ መተው አሳፍሮኝ አንድ ምክንያት ልጽፍ ስል እጄን ያዙ። «አላውቅም ብለህ ጻፍ። አላውቅም ማለት ነውር አይደለም። ሳያውቁ መጻፍ ነው ነውሩ።»

ከብት የገደለው ነብር ይሁን ጅብ መለየትንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ነብር ጉሮሮ ይዞ አንቆ ይገድላል፤ ሆድ ዕቃውን ለይቶ ይተወዋል፤ አጥንት እምብዛም አይሰብርም። ዱካው ላይ ጥፍር አይታይም። ጅብ ከነአጥንቱ ሰባብሮ ይበላል፤ ጥፍሩም መሬቱ ላይ ይቀራል። «ሁለቱን የለየ ሰው ለባለ ከብቱ ምን እንደሚመክረው ያውቃል» ይሉ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ከእሳቸው ጋር ሠራሁ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ከመኪና ወርዶ የማያውቅ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ከወረደ የማይመለስ። ከዚያ አባቴ ሞተ፤ እናቴ ብቻዋን ቀረች፤ ወደ አገሬ ዝውውር ጠየቅሁ። ስሰናበታቸው ኦቦ ሮባ ብዙ አልተናገሩም። መጨረሻ ላይ «ወንበር እንዳይወድህ» ብቻ አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም።

መጀመሪያ መራዊ ተመደብሁ። እዚያ ጠቡ የመስኖ ድንች እየቆፈረ ከሚበላ ጃርት ጋር ነበር። ቀጥሎ ፍኖተ ሰላም ዞኑ ጋ ጥቂት ዓመት ሠርቼ በመጨረሻ ቡሬ ገባሁ። ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ መውረጃው ላይ ሸንበቆ በር የሚባል ደን አለ። ዋንዛው፣ ሾላው፣ ወይራው ተያይዞ ገደሉን ይዞ ይወርዳል። ጉሬዛ ነጭ ካባዋን እያውለበለበች ከዛፍ ዛፍ ትዘላለች፤ ድኩላ አለ፤ ዝንጀሮማ ሞልቷል። ነብርም ነበረበት። ያን ደን ከነነፍሱ ማቆየት ሥራዬ ሆነ።

ጥፋቴን ልናገር።

በገበያ ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አያ ምንይችል የሚባሉ ገበሬ ቢሮዬ መጡ። ቤታቸው ከደኑ ጫፍ ነው። ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ፣ ለአቤቱታ የማይሮጡ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ። ከጎህ ጀምረው በእግራቸው ሲመጡ እግራቸው አቧራ ለብሶ ነበር።

«ጌታው፣ ሁለት ፍየል ተበላብኝ። ነብር ይመስለኛል» አሉ።

እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የሩብ ዓመት ሪፖርት እየጻፍሁ ነው። «አይተውታል?» አልሁ፣ ቀና ሳልል።

«እሱንስ አላየሁትም። አንደኛዋ ግን ጉሮሮዋ ተይዞ ነው የሞተችው። አጥንቷም ደኅና ነው።»

ይህን ቃል ኦቦ ሮባ ቢሰሙ ኖሮ በዚያው ቅጽበት ዱላቸውን አንሥተው ይወጡ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት ከአጎራባች ቀበሌ የጅብ አቤቱታ ደጋግሞ ደርሶኝ ነበር። ነብር ነው ካልሁ ቦታው ድረስ መሄድ አለብኝ፤ መኪናው ጋራዥ ነው፤ ሪፖርቱ ሰኞ ይፈለጋል። ቅጹን ሳብሁና «ጅብ» ብዬ ጻፍሁ።

«ጅብ ነው፣ አያ ምንይችል። የበረቱን አጥር በድንጋይ ከፍ አድርገው ይካቡት፤ በሩንም ያጥብቁት።»

«መጥተው አያዩትም?»

«እመጣለሁ» አልሁ። አልሄድሁም።

እሳቸው የነገርኋቸውን አደረጉ። የመንግሥት ሰው የነገራቸውን ማመናቸው ነው የበደላቸው። ድንጋይ ተሸክመው ከሰው ቁመት በላይ ካቡ፤ ወፍራም በር ገጠሙ። ለጅብ ከዚያ የተሻለ በረት የለም። ነብር ግን ከላይ ነው የሚገባው። ለነብር የሚያስፈልገው ክዳን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አያ ምንይችል ፍየሎቹን ሊያወጡ በሩን ከፈቱ። ነብሩ ዘሎ ገብቶ፣ ያረደውን ይዞ በዚያ ግንብ መውጣት አቅቶት፣ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በሩ ሲከፈት ያገኘው መውጫ እሳቸው የቆሙበትን ብቻ ነው። በላያቸው ላይ ወጣ። ጎረቤት በመጥረቢያ እስኪደርስ ድረስ ግራ ክንዳቸውን አኘከው።

እኔ ስደርስ ነብሩ ሞቶ በአጥሩ ሥር ተጋድሟል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሴት ናት። ጡቷ ወተት አግቷል። ግልገሎቿን ሦስት ቀን ደኑ ውስጥ ፈለግሁ፤ አላገኘኋቸውም።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ሚስታቸው እትዬ ይታይሽ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ጅብ ነው ብለውን ነበርሳ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ነገሩ እንዲገባቸው ነው የፈለጉት። እኔ «እንዲያ የሚል መረጃ ደርሶኝ ነው» አልሁ። መረጃ የሚለው ቃል እንዴት ያለ መሸሸጊያ ነው! እሳቸው የቀበሌው ሰው አሳስቶኝ ነው ብለው አመኑ። አገሩም ሁሉ እንዲያ አመነ። እኔም ዝም አልሁ።

የአያ ምንይችል ክንድ ዳነ፣ ግን ታጥፎ ቀረ። ሞፈር መጨበጥ አልቻሉም።

ከዚያ በኋላ ሰው በደኑ ላይ ተነሣ። «አውሬ የሚያድርበት ጫካ ምን ያደርግልናል? ተከፋፍለን እንረሰው፤ ዛፉም ከሰል ይሁን» ማለት ጀመሩ። ማንም ሊመልሳቸው አልቻለም። እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት የአያ ምንይችል ክንድ ይታየኛል። በመጨረሻ ኃላፊዬን፣ እነዚህን ሰዎች አንድ ጊዜ ፓርክ ልውሰዳቸው፤ ከእንስሳት ጋር የሚኖር ሌላ አገር ይዩ አልኋት። መንገዱ ሁሉ ሰላም የነበረበት ዘመን ነው። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ አንድ ሚኒባስ ተፈቀደ።

የደብሩ አስተማሪ መሪጌታ ልሳነ ወርቅ እሺ አሉ። ሌሎች ዘጠኝ ገበሬዎችም ተመረጡ። አያ ምንይችል ዘንድ ስሄድ እምቢ ይሉኛል ብዬ ነበር። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በቀኝ እጃቸው ብቻ ገመድ ይገምዳሉ፤ አንደኛውን ጫፍ በእግራቸው ጣት ይዘዋል።

«እሄዳለሁ» አሉ። «ከኛ አስበልጣችሁ የምትወዱትን አውሬ በዓይኔ ልየው።»

ሁለት ቀን ተጓዝን። የዓባይን ሸለቆ ስንወርድ ጨዋታው ደምቆ ነበር፤ መሪጌታ እያንዳንዱን ወንዝ በስሙ ሲጠሩ ገበሬዎቹ የሚበቅልበትን እህል ይገምታሉ። አያ ምንይችል ግን ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ ሄዱ። ፓርኩ ስንደርስ ኦቦ ሮባ ማደሪያው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ እንደምመጣ ሰምተው ነው ከቤታቸው የመጡት። ጎብጠዋል። ዱላው ግን ያው ዱላ ነው። ግንባሬን ሳሙኝና ወደ ገበሬዎቹ ዞረው እያንዳንዱን በእጁ ጨበጡ። አያ ምንይችል ዘንድ ሲደርሱ የታጠፈውን ክንድ አዩት።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ፍል ውኃው መስክ ወጣን። ኦቦ ሮባ ከፊት፣ እኛ በኮቴያቸው ከኋላ። ዱላው ጠቅ ጠቅ ይላል። ሰዎቼ እንደ ማኅበር ሰልፍ ተያይዘው፣ አንዱ የሌላውን ጋቢ ይዞ ይራመዳል። የሚንተከተከውን ጭቃ ሲያዩ አንዱ «ይኸስ ሽሮ ነው» አለና ሁሉም ሳቁ። ከከርከሮ ቤተሰብ አንዱ በሞቀው አፈር ላይ ተኝቶ ሆዱን ያሞቃል። ያንንም አይተው «የጌታ ቤት» አሉ። ከዚያ ትልቁ ጉድጓድ ማጉረምረም ጀመረ። ኦቦ ሮባ እጃቸውን አነሡ። ጉድጓዱ ዝም አለ። ውኃው ሲወረወር ገበሬዎቹ በአንድ ድምፅ «እግዚኦ!» አሉና አማተቡ፤ አንዱ መሬት ሳመ። እኔ መቶ ጊዜ ያየሁትን በእነሱ ዓይን እንደ አዲስ አየሁት።

መሪጌታ ጠብታው ጋቢያቸው ላይ እያረፈ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እሳቱን ሰውሮ እንፋሎቱን ያሳየናል። ከሥር ያለውን የሚያውቀው የነደደበት ብቻ ነው» አሉ። ስለ ውኃው የተናገሩ ይመስላል። ዓይናቸው ግን አያ ምንይችል ላይ ነበር።

ከመስኩ ጠርዝ፣ ለስላሳው አፈር ላይ፣ ኦቦ ሮባ በድንገት ቁጢጥ አሉ። የነብር ዱካ ነው። አያ ምንይችልን ጠሯቸውና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። «ይዩ፣ ወንድሜ። ጥፍር የለም። ጥላው እንዴት እንደሞላው ይዩ። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ አልፏል።» አያ ምንይችል ቀኝ መዳፋቸውን ዱካው ላይ ዘርግተው ለኩት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። ፍየሎቹን፣ ቢሮዬን፣ ካቡን፣ በሩን የከፈቱበትን ጎህ፣ ሁሉንም ዘረዘሩ። አብረዋቸው የመጡት ጎረቤቶቻቸው እንኳ እንዲህ ሲናገሩ ሰምተው አያውቁም።

ኦቦ ሮባ እስኪጨርሱ ጠበቁ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ጉሮሮዋ ተይዞ፣ አጥንቷ ሳይሰበር። ይህን ነገሩህ?»

«ነገሩኝ።»

«ሄደህ አየህ?»

አሥር ሰው ያየኛል። እንደ ልማዴ መረጃ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥሁት።

«አላየሁም» አልሁ። «ማንም አላሳሳተኝም፣ አያ ምንይችል። ከወንበሬ ሳልነሣ ጅብ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሄጄ ቢሆን ኖሮ በረቱን ክዳን አልብሱት እልዎ ነበር። ክንድዎም ደኅና ነበር፤ ነብሯም ከነልጆቿ ትኖር ነበር።»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አሉ። ሞኙ ማን እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

አያ ምንይችል ተነሡ። ጀርባቸውን ሰጡኝና ሄዱ። ሲሄዱ ግን ወዴት እንደሚሄዱ አላዩም። በመጣንበት ኮቴ ሳይሆን ቀጥታ፣ እንፋሎቱ ወደሚጨስበት ነጭ መሬት ገቡ።

«ይቁሙ!» አሉ ኦቦ ሮባ። «ወንድሜ፣ ይቁሙ!»

አልሰሙም፣ ወይም ሊሰሙ አልፈለጉም። የኦቦ ሮባን ዱላ ነጥቄ ተከተልኋቸው። እየመታሁ እራመዳለሁ፤ ደንደን፣ ደንደን፤ ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ። ከሥሬ ባዶ ነው። እሳቸው ከፊቴ ሦስት እርምጃ ላይ ናቸው። «አያ ምንይችል፣ በእግዚአብሔር፣ እግርዎን አያንሡ! መሬቱ ሊጥ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ይህንን ሲሰሙ ቆሙ። ዞረው አዩኝ። እኔም ዱላውን ላቀብላቸው አንድ እርምጃ ወደፊት አልሁ። መሬቱን ሳልመታ።

ቀኝ እግሬ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሰብሮ ገባ። ሙቀቱን መጀመሪያ ሳይሆን ቆይቶ ነው የሰማሁት፤ ሲመጣ ግን ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነብኝ። ልወድቅ ስል አንድ እጅ ጋቢዬን ከነጃኬቴ ጨመደደ። በአንድ ክንዳቸው፣ በዚያ ገመድ በሚገምዱበት ክንድ፣ እንደ ሕፃን አንሥተው ጎተቱኝ። ሁለታችንም በደረታችን ተኝተን፣ ክብደታችንን መሬቱ ላይ ዘርግተን፣ የዱላውን ሁለት ጫፍ ይዘን እየተሳብን ወጣን። ከወዲያ ኦቦ ሮባ «ግራ… ትንሽ ግራ… ደኅና ነው…» እያሉ መንገዱን በድምፅ ይነግሩናል።

ደንዳናው መሬት ላይ ስንደርስ ገበሬዎቹ ጫማዬን አወለቁ። ቁርጭምጭሚቴ ተልጦ ነበር። አንዱ ቀዝቃዛ ውኃ አምጡ ይላል፣ መሪጌታ ጸሎት ያደርሳሉ። አያ ምንይችል አጠገቤ ቁጭ ብለው እያለከለኩ እግሬን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ፣

«ይኸንም ጅብ ነው ብለው እንዳይጽፉ» አሉ።

መጀመሪያ ማንም ሊስቅ አልደፈረም። ፈገግ ሲሉ ሳይ እኔ ጀመርሁ። ሥቃይ ይሁን ሳቅ ሳልለይ እንባዬ ወረደ። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቁ፤ ኦቦ ሮባም ጭምር።

ይቅርታ የሚለውን ቃል አልተናገሩኝም። በመመለሻው መንገድ ግን ከጎኔ ተቀመጡና እስከ ደጀን ድረስ ሲጠይቁኝ ሄዱ። ነብር በዓመት ስንት ጊዜ ትወልዳለች? ስንት ወር ታጠባለች? ዝንጀሮውን ከበዛ የሚቀንሰው ማን ነው? ይህን የመጨረሻውን፣ ነብር ናት ብዬ ስመልስላቸው ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያ እሷ ስትሞት ነው የዝንጀሮው ነገር የባሰብን» አሉ። እኔ በስንት ስብሰባ ተናግሬ ያላስገባሁትን እሳቸው በራሳቸው ደረሱበት።

ከሳምንት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አገሩ ተሰብስቦ በደኑ ጉዳይ መከረ። ደኑን ለመከፋፈል የቆረጡት ብዙ ነበሩ። አንዱ ተነሥቶ ወደ አያ ምንይችል እየጠቆመ፣ «ይኸን ክንድ እያየን ስለ አውሬ እንከራከራለን?» አለ።

አያ ምንይችል ቆሙ። «ክንዱ የኔ ነው» አሉ። «በኔ ክንድ ማንም አይሟገትበት። ነብሯ የመጣችው ልጆቿን ልታበላ ነው፤ እኔም በሩን የከፈትሁት ልጆቼን ላበላ ነው። መካከላችን መግባት የነበረበት ሰው ዘግይቶ ነው የገባው። ጥፋቱን በአሥር ሰው ፊት አምኗል። ደኑን ብትቆርጡት የኔ ክንድ አይቃናም። ይልቅ በረታችሁን ክዳን አልብሱ። ይኸ ሰውዬም ስትጠሩት በዚያው ቀን ካልመጣ ያን ጊዜ እሱን ቁረጡት።»

ቅጥሩ በሳቅ ተሞላ። ሸንበቆ በር ግን አልተቆረጠም።

ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት ጥሪ ሲመጣ መኪና ቢኖርም ባይኖርም ሄድሁ። በጋሪ ሄጃለሁ፣ በበቅሎ ሄጃለሁ፣ ያችን የተቃጠለች እግሬን እየጎተትሁ በእግሬም ሄጃለሁ። ኦቦ ሮባ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፤ ለቀብራቸው አልደረስሁም። እስካሁን ይቆጨኛል።

አያ ምንይችል ማረሱን ለልጆቻቸው ትተው የደኑ ጠባቂ ሆኑ። ሰው ደኑን ሊያይ መምጣት ሲጀምር ደግሞ መሪ ሆኑ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ከጅጋ መምህራን ይመጣሉ ሲባል ሰምቼ፣ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ሄጄ ከእነሱ ጋር ተቀላቀልሁ። ማንነቴን ለማንም አልተናገርሁም። አያ ምንይችል ከፊት ሆነው በቀስታ ይራመዳሉ፤ ደጋግመው ቁጢጥ ይላሉ፤ ቅጠል ገልጠው ያሳያሉ። አንዷ መምህርት ነብር እናያለን ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። «ካለች እሷ ታየናለች» አሏት።

ከሾላው ሥር ስንደርስ ከላይ የጉሬዛ ቤተሰብ ተቀምጧል። እናቲቱ ገና ነጭ የሆነ ግልገሏን ታቅፋለች። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ በኋላ ነው የሚመጣው። ይህንን አጠገቤ ለቆመው መምህር ማስረዳት ጀመርሁ። የቆየ ልማድ ነው፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ኖሯል።

አያ ምንይችል ዞረው አዩኝ። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ዝም ይበሉ፣ አቶ ይልማ» አሉ። «ይሸሹብናል።»

ዝም አልሁና እንደ ሰው ሁሉ አንጋጥጬ አየሁ።